የባቡር ሠራተኛው የጉዞ መብት

«የባቡር ሠራተኛ በባቡር ያለ ዋጋ የሚሄደው ለምንድን ነው?» ብለው የሚያጉረመርሙ መንገደኞች በየአገሩ አይጠፉም። በእኛ አስተያየት ግን ነፃ ይለፍ ችሮታ ሳይሆን የደመወዝ አንዱ ክፍል ነው፤ ባዶ በሚሄድ ወንበር ላይ ሠራተኛው ቢቀመጥም ድርጅቱ የሚከስረው እምብዛም ነው።

የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። በ1948 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የመንግሥት የሆነው የብሪታንያ ምድር ባቡር በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት ለብዙ ኩባንያዎች ተከፋፈለ። ከኤፕሪል 1996 በፊት በሥራ ላይ የነበሩት ሠራተኞች በመላው አገር በነፃና በቅናሽ የመጓዝ መብታቸው ተጠበቀላቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀጠሩት ግን በአብዛኛው ቀጣሪያቸው የፈቀደላቸውን ብቻ ይዘው ቀሩ። እንግዲህ ሁለት ቲኬት ተቆጣጣሪዎች በአንድ ባቡር አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ይውላሉ፤ የዕረፍት ቀናቸው ሲደርስ ግን አንዱ ካርዱን አሳይቶ ይሳፈራል፥ ሌላው ኪሱን ይዳብሳል። ለመሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ትጋት አይደለም፤ የተቀጠሩበት ቀን ነው። ነባሩን ለማስደሰት (ለማባበል ብንል ይሻላል) ዕዳውን ገና ባልተቀጠረው ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ያልተቀጠረ ሰው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ አይከራከርምና።

ኩባንያው ብዙ ስለ ሆነ አይቻልም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ የአውሮፓ ምድር ባቡሮች እርስ በርሳቸው ተስማምተው፥ የአንዱ አገር ሠራተኛ በሌላው አገር ባቡር በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። ስለዚህ አዲሱም ተቀጣሪ ከነባሩ ጋር በአንድ ደንብ ይግባ እንላለን፤ መጨናነቁ የሚያሳስብ ከሆነ፥ መንገደኛ በሚበዛበት ሰዓት በይለፍ መሳፈርን ለሁሉም እኩል መገደብ ይቻላል።