የንጉሡ ጥያቄ

የሐምሌ ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። መምህሩ የሚሉትን ለመስማት በር ላይ የቆምን ወላጆች አንገታችንን አስግገናል። ሃያ የሚሆኑ ልጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹን ያቀፉት በገና ሊሸፍናቸው ምንም አልቀረው። መምህሩ ከአንዷ ልጅ አጠገብ ጎንበስ ብለው ጣቷን ከአንዱ አውታር አነሡና ከጎኑ ያለው ላይ አሳረፉላት። «ይኼኛው አይመታም፤ ጣትሽ የሚያርፍበት ነው» አሏት። ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት። ያኔ 14 ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ 24 ሞልቷታል።

በገና ዐሥር አውታር አለው። በጣት ሲደረደር ግን ብዙውን ጊዜ ዐሥሩም አይመቱም። የሚናገሩት ከፊሎቹ ናቸው፤ የቀሩት በመካከል ሆነው መትታ የተመለሰችውን ጣት ይቀበላሉ። ማረፊያዋን ያላወቀች ጣት ቀጥሎ የምትመታውንም ትስታለች። በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት በክረምት የሚሰጠው የዜማ መሣሪያ ሥልጠና ለወጣቶች ምን እንደሚያደርግ ሳስብ ይህችው ማረፊያ ትመጣብኛለች። ልጁ ትምህርት ተዘግቶ፣ የፈተናው ጭንቀት ለቅቆት፣ ከእኩዮቹና ከአንድ አዋቂ ጋር ሁለት ወር ይቀመጣል። በኋላ በሚመታው ሁሉ ጣቱ የሚመለስበትን ቦታ የሚያገኘው እዚያ ነው።

በእህቴ ልጅ ያየሁትን ልመስክር። ሥልጠናው በጸሎት ይከፈታል፤ ከዚያ ቅኝት ይከተላል። የበገና አውታር ከበግ አንጀት የሚሠራ ስለሆነ የክረምት እርጥበት ቅኝቱን ያዛባዋል። እናም ልጆቹ በየቀኑ ረጅም ጊዜ የሚያጠፉት መቃኛውን ወደዚህና ወደዚያ እያዞሩ፣ ከአውታሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቁራጭ ቆዳ እያስተካከሉ ነበር። የበገናን ድምፅ እንደ ንብ የሚያርገበግበው ይህች እንዚራ የምትባል ቆዳ ናት፤ ትንሽ ዝንፍ ካለች አውታሩ ይደነቁራል። ልጆቹ ተሰላችተው መዝሙሩን ቶሎ መጀመር ሲፈልጉ መምህሩ፣ «ሳይቃኝ የተደረደረ በገና ለእግዚአብሔርም ለሰውም አይሆንም» ይሏቸው ነበር። ልጅቷ ይህን ቃል ከዚያ ይዛው ወጣች። መንፈሳዊ ነው ተብሎ ብቻ ሥራ ጥሩ እንደማይሆን፣ እምነት ለስንፍና መሸፈኛ እንዳልሆነ የተማረችው በጣቷ ነው። በዚያው ላይ የበገና ግጥም ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ዓለም አላፊነት ነውና በ14 ዓመቷ በየቀኑ እነዚህን ቃላት ከደረቷ አስጠግታ ትዘምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭብጨባ ሲበዛላት እንኳ ስትንቀለቀል አይቻት አላውቅም።

ዛሬ የምትኖረው በበገና ነው። ልጆችንና ጎልማሶችን ታስተምራለች፣ ትደረድራለች፣ ትቀርጻለች። እንጀራው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይመርራል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ጉባኤ ላይ ጠሯት። በገናዋን ተሸክማ ሄደች፣ ቆይታ ደረደረች። ድንኳን ያከራየው ተከፈለው። የድምፅ ማጉያው ባለቤት ተከፈለው። ምግብ ያዘጋጁት ተከፈላቸው። ለእሷ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ለበረከት ነው» ተባለና በራሷ የታክሲ ገንዘብ ወደ ቤቷ ተመለሰች። «ለምን አልጠየቅሽም?» ስላት፣ «ጋሼ፣ ምን ብዬ? መጠየቁ ራሱ ኃጢአት ይመስለኛል» አለችኝ። አብሯት የሠለጠነው መሰንቆ ተጫዋች ደግሞ አሁን የባህል ምሽት ቤት ይሠራል። አንድ ቀን ወደ ቀድሞው አዳራሽ ብቅ ቢል ፊት የነሡት ብዙዎች ናቸው። «የሄድኩት የቤት ኪራይ ልከፍል ነው፤ እምነቴን ጥዬ አይደለም» ብሎኛል፤ አምነዋለሁ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካደጉ ዘማሪዎችና ሙዚቀኞች አንደበትም ይህንኑ ቅሬታ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ።

አባቶች ይህን ጉዳይ አልዘነጉትም ነበር። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ ሲማር ሰጪው ሕዝብ የትምህርቱ ተካፋይ ነበር። ማኅሌት የሚቆመው ደብተራም በአገልግሎቱ የሚያገኘው የመሬት ድርሻ ነበረው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጭሰኛው ከቀንበር ተላቀቀ፤ ይህ ፍትሕ ነው፣ ማንም ወደ ኋላ እንዲመለስ አልመኝም። ነገር ግን ዜማው የሚበላበት ማሳም አብሮ ሄደ። ዛሬ የከተማ አድባራት ለሊቃውንታቸው ደመወዝ ይከፍላሉ። በክረምት ሥልጠና ያደገው ወጣት ግን ስሙ በዚያ መዝገብ ላይ የለም። እሱን ያሳደግነው በዕረፍት ጊዜው ነውና ሙያውንም የዕረፍት ጊዜ ሥራ አድርገን ቆጠርነው።

«ገንዘብ ከገባ አገልግሎቱ ይረክሳል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም፤ ዝና ያሰከረውን ዘማሪ ሁላችንም አይተናል። ይሁን እንጂ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስታውሱ። ፒያኖ የተማሩ ወጣት ሳሉ ወደ ግሸን ማርያም ገብተው ዐሥር ዓመት ያህል ከመሣሪያው ተለይተው ኖሩ። ኋላ ወደ ፒያኖው ተመልሰው በፈረንጆቹ 1967 ሥራቸውን ጀርመን አገር በሸክላ አሳተሙ፤ ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ መነኩሴም ሙዚቀኛም ነበሩ። ልብ በሉ፤ እማሆይ መስጠት የቻሉት ሥራው አስቀድሞ ዋጋ ስላገኘ ነው። ሰው የሚሰጠው የራሱ የሆነውን ነው። ከእህቴ ልጅ ግን ዋጋዋ እጇ ሳይገባ በፊት «ሰጥተሻል» ተብሎ ይወሰድባታል። ይህ ስጦታ አይባልም።

ምሽት ቤት በሄደው ልጅ ላይ ፊታቸውን ለሚያዞሩት ደግሞ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታን አነሣላቸዋለሁ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ ልጁ በቀለማቸው መካከል አደገ። ከዚያ ጀርመን አገር ኮሎኝ ድረስ ሄዶ ተማረና ለብዙዎች እንግዳ የሆነ ዘመናዊ አሣሣል ይዞ ተመለሰ። በዚያው እንግዳ አሣሣል «ጎልጎታ» ብሎ ስቅለቱን ሣለ። በልጅነት የገባ ነገር በየትኛው በር ተመልሶ እንደሚወጣ እኛ አናውቅም። ስለዚህ በሩን መዝጋት የእኛ ሥራ መሆን የለበትም።

የክረምት ሥልጠና የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ከሁለቱ ወር ጥቂት ከሰዓት በኋላዎችን ለኑሮ ትምህርት አውሉ። ውል እንዴት እንደሚፈረም፣ ዋጋ እንዴት እንደሚነገር፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተቀረጸ ድምፅ ምን ከለላ እንደሚሰጥ ለልጆቹ አስረዷቸው። ሁለተኛ፣ ጉባኤ ስታዘጋጁ በገና ደርዳሪዋን ከድንኳኑና ከድምፅ ማጉያው ጋር በበጀት ጻፏት። ገንዘብ ከሌለ «የለንም» በሏትና በነጻ ልታገለግል መፈለጓን ራሷ ትወስን። ሦስተኛ፣ ውጭ የሚሠራውን መሰንቆ ተጫዋች ጥሩትና ታናናሾቹን ያስተምር። እሱም ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ዘንድሮም ከፍልሰታ በኋላ ለሥልጠናው መዝጊያ ተጋብዣለሁ። መምህሩ እንደ ልማዳቸው የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እንደሚተርኩ አውቃለሁ። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው አላወቁም። ልጆቹ እዚህ ላይ ዐይናቸው ይፈጣል። እኔም ለዓመታት ከታሪኩ የያዝኩት ተመስጦውን ብቻ ነበር። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ዜማው ሲያልቅ ንጉሡ ደሙን አየ፣ ደነገጠ፣ ጦሩንም ነቀለ። ከዚያ ስለ ፈሰሰው ደም የሚሻውን እንዲጠይቀው ያሬድን ለመነው። ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልፈለገም፤ ወደ ሰሜን በረሃ ሄዶ በምናኔ ለመኖር እንዲያሰናብተው ጠየቀ። መልሱ የያሬድ ነው። ጥያቄው ግን የአድማጩ ነበር፤ ንጉሡም ሳይጠይቅ አላለፈም።

እኛ አድማጮች ዜማውን ወደነዋል፣ ደሙን ግን ገና ዝቅ ብለን አላየንም። የዘንድሮ ልጆች ደርድረው ሲጨርሱ ማጨብጨባችንን ገታ አድርገን አንድ በአንድ እየተጠጋን እንጠይቃቸው፦ ልጄ፣ ምን ላድርግልህ? አንቺስ ልጄ፣ ምን ላድርግልሽ?