ከሞተር በፊት ሚዛን

በሬዲዮ የምትመራ ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ለማብረር የሚነሣ ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሞተሯ ምን ያህል ኃይለኛ ነው?» ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ክብደቷ ስንት ነው? ክንፏስ ምን ያህል ሰፊ ነው?» ተብሎ ነው።

ይኸን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። በ2017 ዓ.ም. የክበባችን አባሎች ባዋጣነው ገንዘብ ከፎም አንዲት አውሮፕላን ሠራን። የክንፏ ርዝመት 120፣ ወርዱ 20 ሳንቲሜትር፣ ክብደቷም ከነባትሪዋ 600 ግራም ነበረ። ደኅና አድርጋ በረረች። ከዚያ በኋላ ግን እኔው ራሴ «ትጠንክር» እያልኩ ሙጫና ፕላስተር ደራረብኩባት፤ «ብዙ ትቆይ» ብዬም ትልቅ ባትሪ ጫንኩባት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸ ነው። እንደ ምንም ተነሣች፤ ለማሳረፍ ፍጥነቷን ብቀንስ ግን አንድ ክንፏ ድንገት ዘንበል ብሎ ተከሰከሰች። ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት የ9ኛ ክፍል ልጆች መቈጣጠሪያውን አንድ ቀን እንኳ ሳይጨብጡ ዓመቱ አለቀ። ስብርባሪዋን ብንመዝነው 900 ግራም ሆኖ ተገኘ።

እስቲ ሂሳቡን እንመልከት። የክንፉ ስፋት 2,400 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ 100 ካሬ ሳንቲሜትር በመጀመሪያ 25 ግራም ይሸከም የነበረው በኋላ 37 ግራም ተኩል ተሸከመ። የክንፍ ሸክም ማለት ይኸ ነው። የአየር ማንሻ ኃይል ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህም መሠረት በሴኮንድ 7 ሜትር እየበረረች ሳትወድቅ ትቆይ የነበረች አውሮፕላን፣ ክብደቷ በግማሽ ሲጨምር ቢያንስ 8 ሜትር ተኩል ያህል መብረር ግድ ይሆንባታል። ከመሬት ስትጋጭ የሚሰብራት ጉልበትም ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። «ትጠንክር» ብዬ የጨመርኩት ሁሉ መስበሪያዋ ሆነ ማለት ነው።

ወፎችንም እንመልከት። ሰፊ ክንፍ ያለው ጭልፊት ክንፉን ሳያራግብ በዝግታ ሲዞር ይውላል። ሰውነቷ ከብዶ ክንፏ ያነሰው ጅግራ ግን በኃይል እያራገበች ጥቂት በርራ ታርፋለች።

ለእኛ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በዚያ 600 ግራም የሚሸከም ክንፍ፣ በዚሁ ፍጥነት እዚህ የሚሸከመው 480 ግራም ያህል ብቻ ነው። የባዕድ አገር መመሪያ እንዳለ መገልበጥ የማይበቃው ስለዚህ ነው።

«እንግዲያውስ ሞተሩን ማጠንከር ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ሞተር ሽቅብ ይወስዳታል፤ ለማረፍ ሞተሩ ሲቀንስ ግን የሚሸከማት ክንፏ ብቻ ነው። የጀማሪ እጅም ፈጣኗን ተከትሎ አይደርስባትም። «ቀላል አውሮፕላን ነፋስ ያንገላታታል» የሚሉትስ እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ነፋሱ ጸጥ ያለበትን ማለዳ መጠበቅ ክብደት ከመጫን ይሻላል። ቀላል ትሁን ስል አፍንጫዋ ላይ ለሚዛኗ የሚያስፈልገው ክብደት ይነሣ ማለቴም አይደለም፤ የማያስፈልገው ይነሣ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ክበባችን ዘንድሮ ለአዲስ ሞተር ከሚያዋጣው ገንዘብ አስቀድሞ አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ይግዛ እላለሁ። ማንኛዋም አውሮፕላን ከመነሣቷ በፊት ትመዘን፤ ክብደቷም በክንፏ ላይ ይጻፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኛም ባለፈው የለቀምነው ይበቃናል። ዘንድሮስ የ9ኛ ክፍል ታናናሾቻችን ስብርባሪ ሳይሆን መቈጣጠሪያ ይጨብጡ!