«የልጅ ጨዋታ» የተባለው ሐዲድ

ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ ከአውራ ጣቱ ጥፍር ለማትበልጥ የፉርጎ ጎማ ቀለም ሲቀባ የተመለከተ ሁሉ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ፈገግታው ብቻውን ክፋት የለበትም። ክፋቱ ፈገግታውን ተከትሎ የሚመጣው ፍርድ ነው። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው ተረት ይጠቀሳል፤ ከዚያም የሞዴል ባቡር ሥራ በጠቅላላው በአሻንጉሊት ተራ ተመድቦ፣ ሠሪዎቹም ልጅነት አልለቅ ያላቸው ጎልማሶች ተብለው ጉዳዩ ይዘጋል።

ጉዳዩ ግን በዚህ የሚዘጋ አይደለም። ተረቱም አለቦታው የገባ ነው። መነኩሴው የሚሰፋው ያንኑ የቀደደውን ቆብ ነው፤ የሞዴል ባቡር ሠሪው ግን ከካርቶን፣ ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከሙጫ አስቀድሞ ያልነበረ ነገር ያወጣል። ያውም ልኩን የጠበቀ። በብዙ አገሮች የተለመደው ልክ አንድ ለሰማንያ ሰባት ነው፤ ይኸውም በእውነተኛው ዓለም 87 ሜትር የሆነው ነገር በ1 ሜትር ይወከላል፣ የመደበኛው ሐዲድ የ1,435 ሚሊሜትር ስፋትም ወደ 16.5 ሚሊሜትር ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ልክ የአንድ ጎልማሳ ሰው ቁመት 2 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የበር እጀታ ከነቁጥ አይበልጥም። ቢሆንም ስሕተቱ ከዐይን አያመልጥም፤ አንድ ሚሊሜትር የጎደለ ጣራ ሕንጻውን በሙሉ ያጣምመዋል። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ በወርቅ አንጥረኛ ወይም በብራና ላይ በሚሥል ሠዓሊ እጅ ሲያዩ የሚደነቁ ሰዎች፣ ሥራው ጎማ ስላለው ብቻ አድናቆታቸውን ይነፍጉታል።

ንቀቱ ከአፍ አልፎ ወደ እጅ ሲሻገር ምን እንደሚያስከትል በእንግሊዝ አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 2019፣ በሊንከንሻየር አውራጃ ስታምፎርድ በምትባል ከተማ፣ የማርኬት ዲፒንግ የሞዴል ባቡር ክበብ በማግሥቱ ለሕዝብ ለሚያሳየው ኤግዚቢሽን ሥራዎቹን በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ደርድሮ አደረ። ሌሊቱን ለአካለ መጠን ያልደረሱ ወጣቶች ሰብረው ገቡ። የብዙ ዓመታት ሥራ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተረገጠ፣ ተወረወረ፣ ተሰባበረ። ጠዋት አዳራሹን የከፈቱት አዛውንቶች ያለቀሱት ለላስቲክና ለቆርቆሮ ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ያ ሰው የገዛ እጁን ሥራ አጥቶ አያውቅም።

ክበቡ ለመጠገኛ እንዲሆነው 500 ፓውንድ ለማሰባሰብ አስቦ ነበር። ከ100,000 ፓውንድ በላይ ገባለት። ዘፋኙ ሮድ ስቱዋርት ብቻውን 10,000 ፓውንድ ሰጠ፤ እርሱ ራሱ በትርፍ ሰዓቱ 23 ዓመታት የደከመበት ሰፊ የአሜሪካ ከተማ ሞዴል ባለቤት ነው፤ ሞዴሉም በዚያው ዓመት በአንድ የሙያው መጽሔት ላይ ወጥቶ ታይቷል። ገንዘቡን የላኩት አብዛኞቹ የክበቡን አባላት በዐይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። የተሰበረው ነገር ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም። በየጓዳቸው፣ በየጋራዡ፣ በየክበባቸው ያለው ያው ነገር ነበርና።

ገንዘብ ቁሳቁስን ይተካል። ምሽቶችን ግን አይተካም። የክበብ ሞዴል የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዱ እንጨት ይሰነጥቃል፣ አንዱ ሽቦ ያገናኛል፣ ሌላው የዛፍ ቅጠል በወንፊት ይነፋል፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይሠራ ወንበር ስቦ ያወጋል (ይህ አራተኛው ሰው በማንኛውም ክበብ ውስጥ የማይቀር ነው፤ እርሱ የጎደለ ዕለት ግን ሥራው አይጥምም)። ጡረታ የወጣ መካኒክ ከተማሪ ልጅ ጋር እኩል ጎንበስ ብሎ የተጣመመ ሐዲድ የሚያቀናበት ቦታ በዛሬው ዓለም ብዙ አይገኝም። ሥራው ከሁለቱም ክብርን ይጠይቃል፤ ብየዳው ካልያዘ ዕድሜና ማዕረግ አያሲዙትም።

ይህ ወዳጅነት በምን እንደሚታሰር አጥርቶ ለማየት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን አገር የተመሠረተውን ፍሬሞ የተባለውን ማኅበር መመልከት ይበጃል። ስሙ ሲተነተን «የአውሮፓ ሞዴል ባቡር ሠሪዎች የወዳጆች ክበብ» ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ አባል የመስመሩን አንድ ቁራጭ በቤቱ ይሠራል። የቁራጩ ሁለት ጫፎች ደንብ አላቸው፤ የጫፉ ቅርጽ፣ የሐዲዱ ቦታ፣ የኤሌክትሪኩ ግንኙነት፣ ከወለል ያለው 1 ሜትር ከ30 ከፍታ ሁሉ የተወሰነ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለው መካከል ግን ማንም ማንንም አያዝም። የፈለገ ስንዴ ማሳ፣ የፈለገ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ የፈለገ አንዲት ብቸኛ ዛፍ ይተክላል። ከዚያም በቀጠሮ ቀን ከሩቅና ከቅርብ፣ አንዳንዶቹም ድንበር ተሻግረው፣ ቁራጮቻቸውን በመኪና ጭነው በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። ጫፍ ከጫፍ ሲገጥም፣ ትናንት የብዙ ሰዎች የግል ሥራ የነበረው ዛሬ አንድ ረጅም መስመር ይሆናል።

ባቡሩም ዝም ብሎ አይሽከረከርም። የጉዞ ሰሌዳ አለ፤ ለሰሌዳው ተብሎ የሚፈጥን ሰዓት አለ። እያንዳንዱ ፉርጎ ምን ጭኖ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚገልጽ ካርድ ይያዝለታል። የጣቢያው ኃላፊ ለቀጣዩ ጣቢያ ስልክ ደውሎ መስመሩ ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡር አይለቅም። አንዱ ተዘናግቶ ካርድ ቢያጠፋ በአዳራሹ ሌላ ጥግ ያለው ባልንጀራው ጭነቱ ሳይደርሰው ይቀራል። ሽቦውን በጥድፊያ ያገናኘ ሰው መስመሩን ሁሉ ያቆማል፤ የሚያቆመውም በሰው ሁሉ ፊት ነው። በአንጻሩም፣ የቆመውን መስመር ለማስነሣት ከጠረጴዛው ሥር የሚገባው ጥፋተኛው ብቻውን አይደለም፤ ሦስትና አራት ሰዎች ባትሪ ይዘው አብረውት ይገባሉ። መቼም ማኅበር ማቋቋም እንጂ ማኅበርን በደንቡ ማኖር ምን ያህል እንደሚያደክም የዚህ መጽሔት አንባቢዎች አይጠፋቸውም። እነዚህ ሰዎች ከአርባ ዓመት በላይ አኑረውታል።

«ይህ የባለጸጋ አገር ቅንጦት ነው» የሚለው ነቀፌታም ይሰማል። ለዚህ የቀድሞው የምሥራቅ ጀርመን ታሪክ በቂ መልስ ነው። ዕቃ በቀላሉ በማይገኝበት፣ መኖሪያ ቤቱም ጠባብ በነበረበት በዚያ አገር፣ የሙያው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ይታተም ነበር፤ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበርም በ1962 ተቋቁሟል። አንድ ለመቶ ሃያ የተሠራው፣ ሐዲዱ 12 ሚሊሜትር ብቻ የሚሰፋው ባቡር በዚያ በእጅጉ የተወደደው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከአልጋና ከቁም ሣጥን የተረፈው ቦታ የሚበቃው ለእርሱ ነበርና። መንግሥቱ አልፎ አገሪቱ በ1990 ከተዋሐደች በኋላም መጽሔቱ መታተሙን ቀጠለ።

ከነቃፊዎች ይልቅ የሚያሳዝኑት ግን አንዳንድ ተከላካዮች ናቸው። እነዚህ «ጨዋታ አይደለም፣ ይጠቅማል» ብለው ይነሡና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመውን የተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ ይጠቅሳሉ። ታሪኩ በእርግጥ የሚገርም ነው። የክበቡ አባላት በሁለት የተከፈሉ ነበሩ፤ ገሚሶቹ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን፣ ተራራውንና ፉርጎውን፣ ቀለሙንና ታሪኩን ሲወዱ፣ «የምልክትና የኃይል ንዑስ ኮሚቴ» የተባሉት ደግሞ ከጠረጴዛው በታች ከስልክ መሥሪያ ቤት ዕቃዎች በተሰበሰቡ ማገናኛዎችና ሽቦዎች የተወሳሰበ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ይዘረጉ ነበር። እነዚሁ ወጣቶች በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገሩ፤ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት «ሃክ» የሚለው ቃልም በዚያ ፍቺው የወጣው ከእነርሱ መንደርኛ ነው።

እውነት ነው። መከላከያ ሲሆን ግን ደካማ ነው። የነቃፊውን መስፈሪያ ተቀብሎ በዚያው ይሰፍራልና። ከአንድ ክበብ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከወጡ፣ ከአንዲት ጣቢያ በቀር ምንም ያልወጣባቸው የቀሩት ክበቦች ሁሉ ጥፋተኞች ናቸውን? ክራርን «ጣት ያፍታታል» ብሎ የሚከላከል ሰው የክራር ወዳጅ ሊባል ይችላልን? በዚያው ክበብ ከጠረጴዛው በላይ ተራራ ሲቀባ የኖረው ተማሪ ከጠረጴዛው በታች ከነበረው የሚያንስበት ምክንያት የለም። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ተውኔት «ለምን ይጠቅማል?» ተብለው በተጠየቁ ቁጥር ምን ያህል እንደ ደኸዩ ሠዓልያንና ተዋንያን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ።

ሌላው ጠላት ከውስጥ ነው፤ እርሱም ገበያው ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ ትርኢት ላይ ስፋቱ የተወሰነ ሐዲድ ይዞ ከቀረበ ጀምሮ፣ ባቡር ለገዛ ሰው ሁልጊዜ የሚጨመር ነገር ተዘጋጅቶለታል። በንግዱ ላይ ብቻ ተነሥቶ ማማረር አይገባም። እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ በ1920 ለገበያ ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በብሎን የሚፈቱና የሚገጠሙ ነበሩ፤ ገዢው ሠሪም ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን ተቀብቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ አልፎ ተርፎም ሆን ተብሎ በቀለም አርጅቶ የሚሸጥ ሎኮሞቲቭ ሞልቷል። ይህንኑ ገዝቶ፣ ሣጥኑ ካልተከፈተ ዋጋው ይጨምራል በሚል ተስፋ መደርደሪያ ላይ የሚከምር ሰው፣ ራሱን ከሠሪዎች ቢቆጥር የሚያሳፍር ነው። ጎተራ ጠባቂ ገበሬ አይባልም። ለጀማሪ ልጅ የብሎን ቁጥር ጎድሎብሃል እያሉ በሰው ፊት የሚያሸማቅቁትም፣ ሴቶችን ከሥራ ጠረጴዛው ይልቅ ወደ ሻይ ማፍያው የሚያመለክቱትም፣ ክበቦቻቸው በሽማግሌዎች ብቻ ሲቀሩ ወጣቱን ትውልድ ለመክሰስ መብት የላቸውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ነቀፌታ ግን ስለ ትዝታ ነው። የሞዴል ባቡር ያለፈውን ዘመን አሳምሮ ብቻ ያሳያል ይባላል። መልካም ምሳሌ አለ፦ ሮይ ኢንግላንድ የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዝ አገር ደርሶ፣ የነጩ ፈረስ ሸለቆ በሚባለው ስፍራ የነበሩ ጥንታዊ የገበሬ ጎጆዎች እየፈረሱና መልካቸው እየተለወጠ መሆኑን ተመልክቶ ነበር። ጎጆዎቹን ከካርቶን ቆርጦ፣ በውሃ ቀለም ቀብቶ፣ በልካቸው ማቆም ጀመረ። ሥራው ከእርሱ ጋር በተሰለፉ በጎ ፈቃደኞች እጅ አድጎ ዛሬ በሎንግ ዊተነም መንደር ሙዚየም ነው። ጎጆው ቢፈርስም ጣራው፣ ጡቡና መስኮቱ ተቆጥሮ ተቀምጧል።

ይህ ዓይነቱ ትዕግሥት የሚከበር ነው፤ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። በእጅግ ብዙ ሞዴሎች ላይ የሎኮሞቲቩ ቁጥር በትክክል ተጽፎ ይታያል፤ ሐዲዱን የዘረጋው፣ አሸዋውን የዛቀው፣ ከሰሉን የቆሰቆሰው ሰው ግን ወይ የለም፣ ወይ ለጌጥ ያህል አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ለጎማ የተሰጠው ጥንቃቄ ለሰው ካልተሰጠ ትዝታው ጎደሎ ነው።

ነገሩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል፤ የሚጠፋ ባቡር በእርሷም አለና። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋን የወለደው እርሱ ነው፤ በድሬዳዋው ወርክሾፕም ብረት ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ በይዶ ያረጀውን ሞተር የሚያስነሣ የሙያተኛ ትውልድ አፍርቷል። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲመረቅ፣ አሮጌው መስመር አብዛኛው ክፍሉ ዝም ብሎ ነበር። ለዚህ መስመር ሞዴል ለመሥራት የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ስፋቱ አንድ ሜትር ነውና በአንድ ለሰማንያ ሰባት ልክ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይስማማዋል። ቆርቆሮና ሽቦ አጣምሮ መኪና የሚሠራ ልጅ በየሠፈሩ ሞልቶ ሳለ፣ የእጅ ሥራ መምህር ካርቶን፣ ማስመሪያና ሙጫ ይዞ ከክፍሉ ቢወጣ ተማሪ አያጣም። ቁራጩን አንዱ ትምህርት ቤት የአዋሽን ድልድይ፣ ሌላው የለገሃርን ጣቢያ አድርጎ ቢሠራው፣ የሚያስፈልገው ጫፎቹን አስቀድሞ መስማማት ብቻ ነው።

የማይቆይ ግን አንድ ነገር አለ። በዚያ ወርክሾፕ የሠሩት ሰዎች አርጅተዋል። የፋኖሱ ቀለም ምን እንደ ነበረ፣ ፉርጎው ላይ ምን እንደ ተጻፈ፣ ሌሊት ሐዲድ የሚጠብቀው ሰው ምን ለብሶ ምን ይዞ ይዞር እንደ ነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ሕንጻው ይታገሣል፤ የድሬዳዋ ጣቢያ የመስኮቱ ወርድና የጣራው ቁልቁለት ስንት እንደ ሆነ ዛሬም በሜትር መለካት ይቻላል።