ከድፍድፍ ነዳጅ የሚለየው ውኃ ወዴት ይሄዳል?

የደቡብ ሱዳን ነዳጅ በዜና ሲነሳ ትኩረቱ በአብዛኛው በሱዳን በኩል ወደ ቀይ ባሕር በሚዘልቀው ማስተላለፊያ ቱቦ ላይ ነው። በማምረቻዎቹ አቅራቢያ የሚኖሩ አርሶ አደሮችንና አርብቶ አደሮችን የሚያሳስባቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከነዳጁ ጋር ከምድር የሚወጣው ውኃ።

ድፍድፍ ነዳጅ ብቻውን አይወጣም። በዐለት ውስጥ አብሮት የኖረው ጨዋማ ውኃ ይከተለዋል። ጉድጓዱ ባረጀ ቁጥር የውኃው ድርሻ ይጨምራል፤ አንዳንዴም ከፈሳሹ ከ90 በመቶ በላይ ይሆናል።

ወተት ሲናጥ ቅቤው ይለያል። ነዳጅና ውኃ በቱቦና በፓምፕ ሲናጡ ግን ይባስ ይቀላቀላሉ። ውኃው በደቃቅ ጠብታዎች ይበተናል፤ በድፍድፉ ያሉ ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮችም እያንዳንዱን ጠብታ በስስ ሽፋን ስለሚከቡት ጠብታዎቹ ተገናኝተው መዝቀጥ ይሳናቸዋል። በላይኛው ናይል የሚመረተው «ዳር ብሌንድ» ሰም የበዛበትና አሲዳማ በመሆኑ ሥራውን ያከብደዋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነው አለያይ ኬሚካል ነው። ብዙ ጊዜ ለአንድ ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ከአሥር እስከ መቶ ሊትር ገደማ ይበቃል። ኬሚካሉ ሽፋኑን ሲያዳክመው ጠብታዎቹ ይዋሃዳሉ፤ ከበድ ያለው ውኃም ወደ ማጠራቀሚያው ሥር ይወርዳል። ፈሳሹን ማሞቅም ሂደቱን ያፋጥነዋል። ኬሚካሉ ከመጠን ሲያልፍ ግን መለያየቱን መልሶ ሊያውክ ይችላል።

ጨው ቱቦንና ማጣሪያን ስለሚያዝግ፣ ገዢዎች በድፍድፉ ውስጥ የሚፈቅዱት ውኃና ዝቃጭ በአብዛኛው ከ1 በመቶ አይበልጥም። የነዳጁን ንጽሕና ገበያው ይቆጣጠራል። የተለየውን ውኃ ንጽሕና የሚጠይቅ ገዢ ግን የለም። ውኃው ጨው፣ የዘይት ቅሪት፣ ከባድ ብረቶችና የኬሚካል ተረፈ ምርት ሊይዝ ይችላል።

ይህን ውኃ አጣርቶ ወደ መጣበት ጥልቅ ዐለት መመለስ የታወቀ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ጉድጓድ፣ ፓምፕና ኃይል ይጠይቃል። በገላጣ ኩሬ ማጠራቀም ርካሽ ቢሆንም ጎርፍ ሲመጣ አደጋው ይከፋል። ደቡብ ሱዳን ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተደጋጋሚ በጎርፍ ተጥለቅልቃለች። የ2012 እ.ኤ.አ. የፔትሮሊየም ሕጓ አምራቾች አካባቢን እንዲጠብቁ ቢያስገድድም፣ የነዳጅ አካባቢ ነዋሪዎች ስለ ውኃ ብክለትና ስለ ጤናቸው የሚያሰሙት አቤቱታ አልተቋረጠም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ የማውጣት ሙከራ መጀመሩ ይታወሳል። በአካባቢው ሰውና ከብት የሚጠጡት ከጉድጓድና ከብርካ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ሰፊ ምርት በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ፤ የሚለየው ውኃ የት ይገባል? ማን ይለካዋል? ውጤቱስ ለነዋሪው በምን መንገድ ይነገረዋል?