ለፎቶግራፍ ሲባል ጎጆ አይነካ



ልጆቻችን ወንጭፋቸውን ጥለው የግቢያችንን ወፎች በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት መጀመራቸው ደግ ነው። ለፎቶው ሲሉ ግን ቅርንጫፍ እየገለጡ ጎጆ ድረስ መውጣቱ ይቅር። እናቲቱ ደንግጣ ከበረረች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ቁራም አይቶ ይወስደዋል። ውኃ በሳሕን አኑሮ በማለዳ ከመስኮት ጀርባ መጠበቅ ምን ይከብዳል?

ያ ጎሕ ሲቀድ እየጮኸ እንቅልፍ የሚነሳን፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ፣ ስንቶቻችን የረገምነው፣ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው እኮ! ሣር ላይ ትል ሲለቅም ደጅ ቁጭ ብሎ ማንሣት ይቻላል።

ጎጆ ያየ ልጅ ርቆ ይቁም፤ ጫጩቶቹ መብረር ሲጀምሩ ያን ጊዜ ያንሣቸው።