ወዳጅነትም እድር ይሻል

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት ነው። ቤት ሲቃጠል ውሃ ይዞ የሚደርሰው፣ በሌሊት ምጥ ሲመጣ በሩ የሚንኳኳው የጎረቤት እንጂ ባሕር ማዶ ያለ የአክስት ልጅ አይደለም። ነገር ግን ይህን ተረት ባልታሰበለት ቦታ ሲጠቅሱት እየሰማሁ ነው። በሌላ አገር ከሚኖሩ፣ በአካል ካላያቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት የተወዳጀ ሰው ሁሉ እንደ ብኩን፣ እንደ ሕልመኛ፣ ሲብስም የጎረቤቱን ሰላምታ እንደ ናቀ ሰው ይቈጠራል። «ፊቱን ያላየኸው ሰው እንዴት ወዳጅህ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ከሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆን ከተማሩ እኩዮቼም አፍ ይወጣል። ይህን ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ ልሞግተው እሻለሁ፤ ከዚያም ዘወር ብዬ የራሴን ወገን እሞግታለሁ፤ ጥፋቱ በሁለታችንም ዘንድ አለና።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። ጄምስ ሙሬይ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሊቅ፣ ኋላ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተብሎ የታወቀውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1879 ሲረከብ፣ ከመጻሕፍት ጥቅስ እየለቀሙ በፖስታ የሚልኩለትን ፈቃደኞች ፍለጋ ጥሪ አስተላለፈ። ከረዱት አንዱ ዊልያም ማይነር ነበር፤ በ1872 ለንደን ውስጥ ሰው ገድሎ፣ በአእምሮ ሕመሙ ምክንያት ብሮድሙር በተባለው ጥበቃ ያለበት የሕሙማን ቤት የተዘጋበት አሜሪካዊ የጦር ሐኪም። ሁለቱ ለዓመታት የሚተዋወቁት በወረቀት ብቻ ነበር። ወዳጅነታቸው ግን ወረቀት ሆኖ አልቀረም። ሙሬይ ኋላ በአካል እየሄደ ጠይቆታል፤ በ1910 ማይነር ወደ አገሩ እንዲመለስ በተደረገ ጊዜም ከጎኑ ቆሟል።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ማትስ ስቲን ጡንቻን ከዓመት ወደ ዓመት እያደከመ የሚሄድ፣ ዱሼን የተባለ በሽታ ይዞ የተወለደ ኖርዌያዊ ወጣት ነበር። በ2014፣ በ25 ዓመቱ ሲሞት፣ ወላጆቹ ልጃቸው የወዳጅ ፍቅር ሳያውቅ፣ ከኮምፒዩተር ፊት ብቻውን ኖሮ እንዳለፈ አስበው አዘኑ። የይለፍ ቃሉ በእጃቸው ነበርና መሞቱን በኢንተርኔት ለሚያውቁት ሰዎች አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው በ2024 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ለዓለም ተነግሯል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው ጨዋታ ውስጥ «ኢበሊን» በሚል ስም የሚያውቁት ሰዎች ከልዩ ልዩ አገሮች የኀዘን መልእክት ይልኩ ጀመር። ከልጇ ጋር መቀራረብ አቅቷት የነበረች አንዲት እናት በእሱ ምክር ከልጇ ጋር መገናኘቷን መሰከረች። ጥቂቶቹ ድንበር አቋርጠው ለቀብሩ መጡ። ከሌላ አገር ተነሥቶ ቀብር የደረሰን ሰው «ወዳጅ አይደለም» የሚል ካለ፣ ለቅሶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ረስቷል።

«አታላዩስ?» ይሉኛል። አለ፤ አልክድም። በሐሰት ስምና በሐሰት ፎቶግራፍ የሰው ገንዘብና ልብ የሚዘርፍ ሞልቷል። ነገር ግን ፊት ማየት ከአታላይ የሚያድን ቢሆን ኖሮ፣ በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ዐረብ አገር ከተላኩት እህቶቻችን ስንቶቹ በዳኑ ነበር! ደላላው ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ቡና የጠጣ፣ በልጆቹ ስም የሚምል የሰፈር ሰው ነው። ወዳጅ ከአታላይ የሚለየው በሚሸከመው ግዴታ ነው፤ የሚኖርበት ርቀት አይለየውም።

እዚህ ላይ ክርክሬን ወደ ራሴና ወደ መሰሎቼ አዞራለሁ። ይህ ጸሐፊ የጤና ጽሑፎችን ወደየቋንቋቸው በነጻ በሚተረጉሙ ሰዎች ስብስብ ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቷል። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ሐርጌሳ፣ ካርቱምና ስቶክሆልም ተበትነን እንኖራለን። የካርቱሙ ባልደረባችን የዐረብኛ ተርጓሚ ነው። ዓይን፣ ራስና ደም በእሱም በእኔም ቋንቋ ከአንድ ሥር መብቀላቸውን እያነሣን ስንት ሌሊት አምሽተናል። በጁን 2020 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ ሲመለስ፣ ከእሱ የተላኩ መልእክቶች በየቀኑ አንድ አንድ ሆነው ተቀምጠው አገኘሁ። ሁሉም «ደኅና ነህ?» ከማለት አያልፉም። እሱ ጭንቀቱን ያውቀው ነበር፤ በጁን 2019 በካርቱም ሰልፈኞች በተገደሉ ጊዜ የእነሱም አገር ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበርና።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ባልደረባችን ከዚያ ሳምንት ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። የወንድሙ ስም ማን ነው? ሰፈሩ የት ነው? የዘመዶቹ ስልክ ስንት ነው? ከመካከላችን የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም። «ደም ማነስ» ለሚለው በዐረብኛ የትኛውን ቃል እንደሚመርጥ እናውቃለን፤ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር አናውቅም። እሱ እኔን ሲጠብቅ ቀን ቈጥሮልኛል፤ እኔ ግን እሱን የምፈልግበት አንድ በር እንኳ አልነበረኝም። ይህን ስጽፍም ያለበትን አላውቅም።

እንግዲህ ተቺዎቻችን የተሳሳቱት ርቀቱን በመኰነናቸው ነው፤ እኛ የተሳሳትነው ፍቅር ብቻውን ይበቃል ብለን መዝገብ ባለመያዛችን ነው። እድራችንን ተመልከቱ። የእድር አባላት ሁሉ የልብ ወዳጆች አይደሉም፤ ሰላምታ የተነፋፈጉም አይጠፉም። እድር ግን መዝገብና መዋጮ አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ሰው ሲሞት ማልዶ ተነሥቶ ጥሩምባ የሚነፋ አለው። ስለዚህ የተኳረፈውም ሰው ቢሆን ድንኳን ይተከልለታል። ለመሆኑ የእኛ ጥሩምባ ነፊ ማን ነው? የማትስ ስቲን ወዳጆች መርዶውን የሰሙት ወላጆቹ የይለፍ ቃሉን በእጃቸው በማግኘታቸው ነው። ባያገኙት ኖሮ እነዚያም ሰዎች እንደ እኛ በከንቱ ሲጠብቁ በኖሩ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሩቅ የተወዳጀ ሰው ሁሉ የአንድ ቅርብ ዘመዱን ስምና ስልክ ከባልደረቦቹ መካከል ለመረጣቸው ሁለት ሰዎች ይስጥ። ለዘመዱም የእነዚያን የሁለቱን ስም ይንገር። አንድ ሰው ያለ ወትሮው ሳምንት ሙሉ ዝም ሲል ማን እንደሚደውል አስቀድሞ ይወሰን። አቅም ያለው በየወሩ ጥቂት ያዋጣ፤ ችግር የደረሰበት ሲገኝ ከባዶ እጅ አንነሣ።

«የስም ዝርዝር አደገኛ ነው» የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ እውነትም በእኛ ቀጠና ዝርዝር በክፉ እጅ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የለም። ስለዚህ ነው ለሁሉ ሳይሆን ለሁለት ሰው ይሰጥ ያልሁት። ሁለት ሰው እንኳ የማያምን ማኅበርተኛ ካለ፣ ተቺዎቻችን ስለ እሱ የሚሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ያለው የጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ወዳጅ አይደለም።

እኔ በበኩሌ የወንድሜን ስልክ ትናንት ማታ ለናይሮቢዋ ባልደረባዬ ላክሁላት። እሷም የእናቷን ላከችልኝ። ከተዋወቅን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል፤ የእናቷን ስም ስሰማ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።