ጋቢናው የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ያስተካከለ ሁሉ 57 ዲግሪ ምሥራቅን ያውቃል። የኢትዮሳት ቻናሎች የሚወርዱት ከዚያ አቅጣጫ ነው፤ ኤንኤስኤስ-12 ከምትባለው ሳተላይት። ይህቺ ሳተላይት ወደ ሰማይ የወጣችው ብቻዋን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2009 ከፈረንሳይ ጊያና በተነሣው አሪያን 5 ሮኬት ውስጥ የኖርዌይዋ ቶር 6 አብራት ተሳፍራ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሪያን 5 ስሙን የተከለው በዚህ የጥንድ ጉዞ ነው። ከባዷ ከላይ፣ ቀለል ያለችው ከሥር በራሷ ሽፋን ውስጥ ትቀመጥ ነበር። ሁለቱም መድረሻቸው ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ምህዋር ስለሆነ፣ አንዷ ለሌላዋ ብላ መንገድ አትጠመዝዝም። ወጪው ይካፈላል። መጥፎው ነገር መጠበቁ ነው፤ የአንዷ ሥራ ከዘገየ የሌላዋ ባለቤት የተዘጋጀ ሳተላይቱን ታቅፎ ይቀመጣል። ሮኬቱ ከሳተ ደግሞ የሚስተው በሁለቱም ላይ ነው። ጃንዋሪ 2018 ላይ ኤስኢኤስ-14 እና አል ያህ 3 ካልታሰበ ምህዋር ላይ ተጥለው፣ ቀሪውን መንገድ በራሳቸው ሞተር ለመጨረስ ተገደዋል።

ይህ ግን የእኩዮች ሽርክና ነው። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው አንዱ ዋና ደንበኛ፣ ሌላው ትርፍ ቦታ ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሲሆን ነው።

ኦርብኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሳተላይቶቹ አጫጭር መልእክት ያስተላልፋል፤ የጭነት መኪናና የኮንቴይነር መገኛ የሚከታተሉ ድርጅቶች ደንበኞቹ ናቸው። አዲሱን ትውልድ ለመሞከር በኦክቶበር 2012 አንዲት ሳተላይት በፋልከን 9 ላይ አሳፈረ። ጋቢናውን የያዘው ግን ናሳ ነበር። የሮኬቱ ዋና ጭነት ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስንቅ የጫነችው መንኮራኩር ድራገን ነበረች። ሮኬቱ ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ቆይቶ ከዘጠኙ ሞተሮች አንዱ ጠፋ። የቀሩት ስምንቱ ረዘም አድርገው ነድደው ድራገንን አደረሱ።

የኦርብኮሟ ሳተላይት ምህዋሯ ላይ እንድትደርስ የሮኬቱ የላይኛው ክፍል ዳግም መቀጣጠል ነበረበት። ነዳጁ የመብቃት ዕድሉ 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተሰላ። በቅድሚያ የተቀመጠው የደኅንነት ደንብ ግን ከ99 በመቶ በላይ ይጠይቅ ነበር፤ ነዳጁ መሀል መንገድ ካለቀ ጣቢያውንና በውስጡ የሚኖሩትን ሰዎች አደጋ ላይ ሊጥል ይችላልና። ሞተሩ ሳይቀጣጠል ቀረ። ሳተላይቷም ዝቅ ባለ ምህዋር ተለቅቃ በቀናት ውስጥ ወደ ከባቢ አየር ገብታ ተቃጠለች።

በዚህ ናሳን መውቀስ አይቻልም። በቦታው የተገኘ ሰው ሁሉ ያንኑ ይወስን ነበር። ግን ኦርብኮም በርካሽ የገዛው ወንበር ውስጥ የተደበቀው ዋጋ ይኸው ነው፤ በክፉ ሰዓት ድምፅ የለውም። ትምህርቱም ቶሎ የገባው ይመስላል። በ2014 ስድስት፣ በዲሴምበር 2015 ደግሞ አሥራ አንድ ሳተላይቶች ለራሱ ብቻ በተነሡ ሮኬቶች አመጠቀ። የ2015ቱን ጉዞ ዓለም የሚያስታውሰው የሮኬቱ የታችኛው ክፍል ተመልሶ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ በመቆሙ ነው። አሥራ አንዱን ተሳፋሪዎች ያስታወሰ ጥቂት ነው።

ታዲያ ሙሉውን ሮኬት ተከራይቶ በጅምላ መጫን ይሻላል? ለግሎባልስታር የስልክ ኩባንያ በሴፕቴምበር 1998 እንዲህ አልሆነለትም። ከባይኮኑር በተነሣ አንድ የዜኒት ሮኬት ላይ አሥራ ሁለት ሳተላይቶች ጭኖ ነበር፤ ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ጠፉ። ከዚያ በኋላ አራት አራት እያደረገ በሌሎች ሮኬቶች ላከ። ሌላው የሳተላይት ስልክ ኩባንያ ኢሪዲየም ብልጥ ነበር፤ ከ2017 እስከ 2019 አዲሶቹን 75 ሳተላይቶች በስምንት ጉዞ ከፋፍሎ አወጣቸው።

በጅምላ የሚጭን ሰው ሌላም ጌታ አለው፤ የሮኬቱ አገር። የሳተላይት ኢንተርኔት ኩባንያው ዋንዌብ ሳተላይቶቹን በሩሲያው ሶዩዝ ሲያመጥቅ ቆይቶ፣ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ የዩክሬን ጦርነት መጣ። ሞስኮ የእንግሊዝ መንግሥት በኩባንያው ያለውን ድርሻ እንዲሸጥ ጠየቀች፣ ለንደን እምቢ አለች፣ 36 ሳተላይቶች ባይኮኑር ውስጥ ታግተው ቀሩ። ዋንዌብ የቀሩትን ለማምጠቅ የሄደው ወደ ሕንድና፣ ጉድ በሉ፣ በሳተላይት ኢንተርኔት ወደሚፎካከረው ስፔስኤክስ ነው።

ብቻ መሄድም ዋስትና አይሰጥም። የእስራኤሏ አሞስ-6 ሴፕቴምበር 2016 ላይ ገና ሳትነሣ ከነሮኬቷ መሬት ላይ ነደደች፤ ፌስቡክ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች ኢንተርኔት ሊያደርስ ያሰበው በእሷ ነበር።

ኢትዮጵያ የተሳፋሪነትን ኑሮ ታውቀዋለች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1 በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ዋና ጭነት በሆነችበት ሮኬት ላይ ነው። ምድርን ለምትቃኝ ትንሽ ሳተላይት፣ ምህዋሩም ለሁለቱ ስለተስማማ፣ ውሳኔው ትክክል ነበር። የመገናኛ ሳተላይት ግን ሌላ ነገር ነው። ኤንኤስኤስ-12 ብቻዋን ከአምስት ቶን በላይ ትመዝን ነበር፤ እንዲህ ያለው ንብረት ከተቃጠለ የሚጠፋው የቤት ሁሉ ምስል ነው። አገሪቱ አንድ ቀን የራሷን የመገናኛ ሳተላይት የምታመጥቅ ከሆነ፣ በጋራ መሄዱ አያሳፍርም፤ አጋሯ ወደዚያው ምህዋር የምትሄድ እኩያ እስከሆነች ድረስ። ውሉን የሚፈርሙት ሹማምንት ግን ከዋጋው ገጽ በፊት አንድ አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ፤ አንድ ሞተር ሲጠፋ ማን እንደሚወስን የሚናገረውን።